«ገመናችንን አደባባይ አወጣህ» አሉኝ፤ ጽሑፌን ላጥፋው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ሐሳብን በስልክ ለሕዝብ ስለማካፈል የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ጠያቂ ጉዳይ ሰፋ ያለ ስለሆነ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የከተማዋን ስም እንዳይጽፉብኝ አደራ። ፌስቡክ ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ ከተማችን ኑሮ፣ አንዳንዴም ግጥም እጽፋለሁ። ባለፈው በጋ የሰፈራችን ቦኖ ለሳምንታት ደርቆ እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ከወንዝ ሲመለሱ ፎቶ አነሳሁና ጥቂት አንቀጽ ጽፌ አወጣሁት። ማንንም አልሰደብኩም። በማግሥቱ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ ፎቶውን ወስዶ፣ የእኔን ጽሑፍ ጥሎ፣ የራሱን የፖለቲካ ንግግር ለጥፎበት አሰራጨው። ከሥሩ ስድቡ ዘነበ። ፎቶው ላይ ካሉት እናቶች አንዷ አባቴ ዘንድ መጥተው «ልጅህ ገመናችንን አደባባይ አወጣው» አሉት። አባቴም «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አርፈህ አታስተምርም?» አለኝ። ጽሑፉን ላጥፋው? በብዕር ስም ልጻፍ? ወይስ ጭራሽ ልተወው?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ጽሑፍህ፣ ስለ ስምህና ስለ ነገህ ጠይቀኸኛል። ስለ እኒያ እናት ግን አልጠየቅኸኝም፤ እኔ የምጀምረው ከእሳቸው ነው። እሳቸው የተቆጡት በሐሳብህ አይመስለኝም። ቦኖው መድረቁን ከአንተ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ጀሪካን ነዋ። የቦኖው መድረቅ ገመና አይደለም፣ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ጎንበስ ብለው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ ላባቸው ፊታቸው ላይ እየፈሰሰ የታዩበት ሁኔታ ግን የራሳቸው ነው። አንተ ሁለቱን በአንድ ፎቶ አውጥተሃቸዋል። ያን ፎቶ አረብ አገር ያለች ልጃቸው፣ ሌላ አገር ያለ የማያውቁት ሰው፣ ለመሳደብ የተቀመጠ ሁሉ አይቶታል። «አደባባይ» ያሉት ይህንን ነው፤ ቃሉም ልክ ነው።

ሕጉም ይህን ያውቃል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ካለው ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን ይፈቅዳል። በዚህ ብትከራከር ምናልባት ትረታ ይሆናል። ግን እናትህ ከሚያህሉ ጎረቤት ጋር አንቀጽ ጠቅሶ መከራከር ምን ይፈይድልሃል? ነገ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ። እናትህን ወይም አክስትህን ይዘህ ቤታቸው ሂድ። «እማማ፣ ፊትዎን ሳላስፈቅድ ማውጣቴ ቅር አሰኝቶዎታል፣ ይቅር ይበሉኝ» በላቸው። ስለ ውኃው ለመጻፍ ግን ይቅርታ አትጠይቅ። እንዲያውም በዚያው ተቀምጠህ ውኃ ለመቅዳት በስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ በቤቱ ካለች ስንት ቀን እንደቀረች ጠይቃቸው። ስማቸውን ሳትጠራ ቃላቸውን እንድትጽፍ ከፈቀዱልህ ካንተ አራት አንቀጽ የእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ጽሑፉን አታጥፋው፤ ፎቶውን ግን አንሳው። ደረቁ ቦኖ ሥር በሰልፍ የተቀመጡትን ባዶ ጀሪካኖች አንሣና በእነሱ ተካው። ባለቤቶቹ ሳይታዩ ወረፋው ይታያል። ከላይ በአንድ መስመር ፎቶውን ለምን እንደቀየርከው ግለጽ። የጻፉትን በጨለማ አጥፍቶ ዝም ማለት አንባቢን «ውሸት ነበር እንዴ?» ያሰኛል፤ ያኛው ገጽም የወሰደው ቅጂ ብቻውን ይቀርና እውነቱ እሱ ጋ ያለ ይመስላል።

ስለዚያ ገጽ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወጣቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ፎቶው ያንተ ሥራ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራንም ይጠብቃል። ፌስቡክም ሥራዬን ያለ ፈቃዴ ወሰዱብኝ ብለህ የምታመለክትበት ቅጽ አለው። ዋናውን ፎቶ ከስልክህ ሳታጠፋ ያዝና አመልክት። እዚያ ገጽ ሥር ገብተህ ግን አትጨቃጨቅ። ፌስቡክ ብዙ ኮመንት የተሰጠበትን ነገር ለብዙ ሰው ማሳየት ይቀናዋል፤ አንተ «ይህ ውሸት ነው» ብለህ የጻፍከው ኮመንትም እንደ ስድቡ ሁሉ ያን ጽሑፍ ወደፊት ይገፋዋል። መልስህን በራስህ ገጽ፣ በራስህ ቃል፣ ዋናውን ጽሑፍ ጨምረህ አውጣ።

ለወደፊቱም ጽሑፍህ እንዲህ በቀላሉ እንዳይነጠቅ አድርገህ ጻፍ። «ውኃ የለም፣ እናቶች እየተሰቃዩ ነው» የሚል ጽሑፍ ለየትኛውም ከተማ፣ ለየትኛውም ዓመት ይሆናል። ለዚያም ነው ጠበኛ ሁሉ አንስቶ የሚወረውረው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ ቦኖው ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ አስገባ። ፎቶው ላይም ቀኑንና ቦታውን በፊደል ጻፍበት። «በጥር 12 ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ቦኖ ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው» የሚልን ጽሑፍ አንስቶ የሌላ ክርክር ማጣፈጫ ማድረግ ይከብዳል። ዝርዝር ነገር ጽሑፍህን ይጠብቅልሃል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርህ ወደምፈልገው ደርሻለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ የገረመኝ አንተ የፊዚክስ መምህር መሆንህ ነው፤ በጽሑፍህ ውስጥ ግን የፊዚክስ መምህሩ የለም። «እናቶች ተቸገሩ» ማለት ሁላችንም እንችላለን። ቦኖው ለምን እንደደረቀ ለሰፈሩ ሰው በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት የሚችለው ግን አንተ ነህ። አብሮኝ ያስተምር የነበረ የፊዚክስ መምህር አንድ ጊዜ በጠመኔ አስልቶ አሳይቶኛል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት በፓምፑ የሚባክነው ሳይቆጠር 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ጉልበት ይፈልጋል። ይህን አንድ ቁጥር ይዘህ ወደ ሚመለከተው ቢሮ ሂድ። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? የተቃጠለው ሞተሩ ነው ወይስ የፈነዳው መስመሩ? የነገሩህን እንደነገሩህ ጻፍ። «አልነግርህም» ካሉህም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ በላይ አትጨምርበት። እንዲህ የተጻፈ ነገር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይዘውት ስብሰባ ሊገቡ ይችላሉ። ስድብ ይዞ ስብሰባ የሚገባ ሽማግሌ ግን የለም።

ብዙ ሰው ፌስቡክ ላይ አስተያየት ሲሰጥ የሚያውቀውን ትቶ የሚያናድደውን ይጽፋል። ገበሬው ስለ ዘሩ፣ ነርሷ ስለ ክትባቱ፣ ሾፌሩ ስለ መንገዱ ቢጽፉ የማናገኘው ዕውቀት አልነበረም። ሁሉም አንድ ዓይነት ንዴት ሲጽፍ ግን የሺህ ሰው ጽሑፍ የአንድ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከዋሸራ፣ ከዲማ፣ ከጎንጅ የቅኔ አገር ተወልደን የሰው ሐሳብ ገልብጦ መለጠፍ አያምርብንም። ቅኔ ቤት ተማሪው የራሱን ቅኔ ነው ቆጥሮ የሚያድረው፤ የሌላውን ቅኔ የእኔ ነው ብሎ ቢያቀርብ ነውር ነው። የቆጠረውንም በቀጥታ ማኅሌት ላይ አያወጣውም፤ አስቀድሞ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያቀናለታል። አንተም ጽሑፍህን ከማውጣትህ በፊት የሚነግሩት አንድ ሰው ይኑርህ። ሁልጊዜ የሚያደንቅህ ጓደኛህ አይሁን። «ይህን ከማን ሰማህ? ይህኛው ቃል ማንን ይነካል?» የሚል ሰው ፈልግ። ማታ ተናደህ የጻፍከውንም ረቂቅ ላይ አሳድረውና ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አንብበው።

ሕግን በተመለከተ ማወቅ ያለብህን ላስጨብጥህ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይሰጥሃል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። በዚህ አዋጅ የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ሲሆን፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ግን እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ያደርሳል። ስለዚህ ተከታይህ 5,000 ሲያልፍ ኃላፊነትህ በሕግም ይከብዳል። እዚያው አዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነበው ነገርም አለ፤ የተናገረው ሰው እውነቱን ለማጣራት በሁኔታው የሚጠበቅበትን ጥረት ካደረገ ሐሰተኛ መረጃ አሰራጨ አይባልም። ማንን ጠየቅህ፣ መቼ ጠየቅህ፣ ምን አሉህ የሚለውን በማስታወሻ ደብተር ያዝ ስልህ አንድም ለእውነቱ፣ አንድም ለራስህ ነው።

የብዕር ስም ነገር እንደ ጉዳዩ ነው። በስማቸው መጻፍ ለሚያስፈራቸው ሴቶች፣ ወይም የሥራ ቦታቸውን በደል ለሚያጋልጡ ሰዎች የብዕር ስም መጠለያ ነው፤ አልነቅፈውም። ቴሌግራም ላይ ለምሳሌ ቻናል ብትከፍት ጽሑፉ በቻናሉ ስም ነው የሚወጣው፤ ባለቤቱ ካልፈለገ አይታይም። ፌስቡክ ግን ሰዎች በሚያውቁህ ስም እንድትመዘገብ ይጠይቃል። አንተ ስለ ሰፈርህ ቦኖ፣ ስለ ትምህርት ቤትህ ስትጽፍ ግን በስምህ ብትጽፍ እመርጣለሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በአንድ ሳምንት ማን እንደሆንክ ይታወቃል፣ ያኔ «ተደብቆ ሲያማን ነበር» ትባላለህ። በስምህ የሚጻፍ ነገር ደግሞ ቃልህን ያስመርጥሃል። የምትወቅሰው ሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ቢያገኝህ የጻፍከውን ደግመህ ልትነግረው ትችላለህ? ከቻልክ አውጣው።

ለተሳዳቢዎቹ ብዙ ጊዜ አታጥፋ። ፌስቡክ ላይ ጽሑፍህን ሁሉም እያነበበው ኮመንት የሚሰጡት ግን ጓደኞችህ ብቻ እንዲሆኑ ማድረግ ትችላለህ። አንድን ኮመንት ስትደብቀው ለጻፈው ሰውና ለወዳጆቹ ይታያል፣ ሌላው ሰው አያየውም፤ ጠብ ሳይነሳ ያልፋል። «ተሳስተሃል» ያለህን ግን አትደብቅ። ማስረጃ ካለው አመስግነህ ጽሑፍህን አስተካክል።

አባትህ የጠቀሰልህ ተረት ከፍርሃት የመጣ አይደለም ብዬ አላታልልህም፤ በአገራችን መናገር ያስከፈላቸውን ሰዎች አይቷል። በሚያዝያ 2006 ዞን ዘጠኝ በተባለው ብሎግ ይጽፉ የነበሩ ወጣቶችና ጋዜጠኞች፣ በድምሩ ዘጠኝ ሰዎች፣ ታስረው ከዓመት በላይ የቆዩትን እኛም እናስታውሳለን። የአባትህን ሥጋት አታናንቅበት። ግን እነዚያው አባቶቻችን «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅም የሕዝብን ስሜት የሚያዳምጥ ሰው ልማድ ነበር። አባትህ ፌስቡክ ካልተጠቀመ ስለ አንተ ጽሑፍ የሰማው ከተቆጡ ሰዎች ብቻ ነው። የሚቀጥለውን ከማውጣትህ በፊት ማታ ከእራት በኋላ አንብብለት። የሚያስነውር ቃል ካለ ያኔ ይነግርሃል፤ ከሌለም የሚቀጥለው ከሳሽ ሲመጣ መልስ የሚሰጠው እሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ፍኖተ ሰላም የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለነፍሰ ጡሮችና ለአራስ እናቶች የቴሌግራም ቻናል ከፍቻለሁ። ጽሑፌን ለፍጥነት ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምጽፈው፤ አንዳንዶች ማንበብ አቃተን ይሉኛል። የጻፍኩት ደግሞ ወደ ላይ እየሄደ ይጠፋል፤ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እመልሳለሁ። ብሎግ ብከፍት ይሻላል? አንዲት ጓደኛዬ ብሎግ ጊዜው አልፎበታል አለችኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽ ያስደስታል። ጊዜው አልፎበታል የተባለውን አትስሚ። ቴሌግራምና ፌስቡክ የዛሬውን ለዛሬ ያደርሱልሻል፤ ብሎግ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሊት ልጇ ያተኮሰባት እናት ጎግል ላይ ስትፈልግ ታገኘዋለች። ሁለቱንም ያዢ። ረጅሙን ብሎግ ላይ አስቀምጪ፣ ቻናሉ ላይ ሁለት መስመርና ማስፈንጠሪያውን አድርጊ። የጎግል የሆነው ብሎገር በነፃ ነው፤ ከስልክም ይጻፍበታል። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲመጣ ያን ጽሑፍ ብቻ ትልኪያለሽ። እስከዚያው ዋና ዋናዎቹን ጽሑፎች ቻናሉ ላይ ፒን አድርጊያቸው።

በላቲን ፊደል መጻፉን ግን እባክሽ ተዪው። ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የስልክ አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሰው ለአንድ መልእክት ሁለት እንዳይከፍል ብሎ ለመደው። ዛሬም ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ አንዱ የእኛ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር 280 የሚባለው ለእኛ 140 ነው። አንቺ በምትጽፊበት ቦታ ግን ይህ ችግር የለም። ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4,096፣ ፌስቡክ ደግሞ በአንድ ጽሑፍ 63,206 ፊደል ይቀበላል። ፊደላችን በፈረንጆች 1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት ዝርዝር ውስጥ ከገባ ወዲህ በየትኛውም ዘመናዊ ስልክ ላይ ይነበባል። ኪቦርዱን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ብትቸገሪ ነው። አንባቢሽ አራስ ናት፤ ሕፃን አቅፋ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ የምታነብ ሴት በባዕድ ፊደል የተጻፈ አማርኛ እየቆጠረች አታንብብ። የመድኃኒት መጠን ሲሆን ደግሞ አንድ ቃል መሳሳቷ ቀላል ነገር አይደለም።

ርእስ ስትሰጪ ሰው እንዴት ብሎ እንደሚፈልግ አስቢ። ጎጃምን አንዱ «ጎጃም»፣ ሌላው «ጐጃም» ብሎ ይጽፋል፤ ፀሐይንም ጸሐይ የሚል አለ። መፈለጊያው ሁልጊዜ አንድ መሆናቸውን አይረዳም። ርእሱን በተለመደው አጻጻፍ አድርገሽ ሌላኛውን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ አስገቢው። «አራስ» ብለሽ የጻፍሽውንም እናቶች «የወለደች ሴት» ብለው ሊፈልጉት ይችላሉ።

የታካሚ ታሪክ ላይ ተጠንቀቂ። «ዛሬ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ከዚህ ቀበሌ መጥታ…» ብለሽ ብትጀምሪ ስሟን ባትጠሪም ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚያውቃት ብዙ ነው። ምክሩን ብቻ ስጪ፤ ታሪኩ የእሷ ነው።

የጻፍሽውን ሁሉ ከኢንተርኔት ውጭም አስቀምጪ። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲገደቡ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንቱ የጻፈውን ሊያገኝ አልቻለም። ዋና ዋናዎቹን ጽሑፎች አትመሽ የእናቶች ማቆያ ግድግዳ ላይ ብትለጥፊያቸው ስልክ የሌላትም ታነባቸዋለች፤ የማታነብም ካለች ጓደኛዋ ታነብላታለች።

ጥያቄ፦ ደጀን የምኖር ጡረተኛ ሾፌር ነኝ። ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዤ የአባይን በረሃ ስወርድና ስወጣ ነው ያረጀሁት። ልጄ ስልክ ገዛችልኝ። ወጣቶች ስለ በረሃው መንገድና ስለ አሮጌው ድልድይ የሚጽፉትን አነባለሁ፤ ብዙው ስሕተት ነው። ማረም እፈልጋለሁ፣ ግን ጣቴ ፊደሉን አይመታልኝም። ዓይኔም ደክሟል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደርስዎ ያለ ሰው ነው ዝም ማለት የሌለበት። ፊደል መምታት አያስፈልግዎትም። ጎግል በፈረንጆች 2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጽፍባቸው ቋንቋዎች ጨምሮታል። ልጅዎ ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ አማርኛ ታድርግልዎና የማይክራፎኑን ምልክት ታሳይዎ፤ እርስዎ ሲናገሩ ስልኩ ይጽፋል። ኢንተርኔት መኖር አለበት። ቀስ ብለው፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው ትንሽ አረፍ እያሉ ይናገሩ። የቦታ ስሞችን ያበላሻል፤ «ጎሐ ጽዮን»ን እንዲያ ብሎ ላይጽፈው ይችላል፣ ስለዚህ የልጅ ልጅዎ ቁጭ ብላ ስሞቹንና ቁጥሮቹን ታርምልዎ። ንግግርዎን ግን እንዳታሳምረው ይንገሯት። «ፍሬን ሲሞቅ ምን ይሸታል» የሚለውን በሾፌር አፍ እንጂ በተማሪ አፍ መስማት አንፈልግም።

ይህ ከከበደዎት ቴሌግራም ላይ የማይክራፎኑን ምልክት ተጭነው ይዘው ድምፅዎን ይላኩ። እሱን ሰምቶ የሚጽፍልዎ አይጠፋም፤ ድምፅዎም ራሱ የሚቀመጥ ነገር ነው።

ስለማረሙ አንድ ልመና አለኝ። ወጣቱ በጻፈው ሥር «ውሸት ነው፣ አታውቅም» ብለው አይጀምሩ። ልጁ ደብተር አንብቦ ነው የጻፈው፤ እርስዎ ደግሞ መሪ ይዘው ነው ያወቁት። «እኔ በዚህ ዓመት በዚህ መኪና ይህን ጭኜ ስወርድ እንዲህ ነበር» ብለው ያዩትን ብቻ ያስቀምጡ፤ ከሌላ ሾፌር የሰሙትን «እገሌ ሲያወራ ሰማሁ» ብለው ይለዩት። ዓመቱ ከጠፋብዎ የአገዛዙን ዘመን ይጥሩ፣ ወይም ልጅዎ የተወለደችበትን ዓመት ይዘው ይቁጠሩ። በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ከመከፈቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ብቻ እንኳ ለአንባቢ ብዙ ይነግረዋል።

ከየት ልጀምር ካሉኝ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ቁልቁለትና ዳገት ከተጫነ ኤንትሬ ጋር ስንት ሰዓት ይፈጅ እንደነበር፣ በየትኛው ማርሽ ይወርዱ እንደነበር፣ ረዳቱ ታኮ (ጎማው እንዳይንሸራተት የሚደገፍበት) ይዞ የሚወርደው የት የት ላይ እንደነበር ይንገሩን። ያን በድምፅ ቀድተው ለዝግጅት ክፍሉ ቢልኩልን እኛ በፊደል ጽፈን፣ መልሰን አንብበንልዎ፣ ከፈቀዱ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።